የቁም ታሪክ

“አንቺ የምትጽፊው የሞተ ሰው ነገር ነው። ለቆመ ሰው መጻፍ ስትለምጂ ተመለሺ።”

ይህን ያለኝ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ አማርኛ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ዐይን ዐይኔን እያየ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ። ጎንደር ውስጥ መጻፍ የሚወዱ ሰዎች በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡበት ቤት አለ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይተቻል፣ የቀረው ሻዩን ይጠጣል። መምህሩ ሰብሳቢ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የሰው ስሰማ የከረምሁ ነኝ። የዚያን ቀን ግን ተነሣሁ። ስለ እናቴ የጀመርሁትን ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ አነበብሁ፣ ወረቀቱን አጠፍሁ፣ ቀና አልሁ። እሱም ያንን አለ።

ሰው ሳቀ። የሳቀው ለክፋት አይመስለኝም፤ ቀልዱ ገብቶት ነው። የት እንደምሠራ ሁሉም ያውቃል።

የምሠራው ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ጽሕፈት ቤት ነው። ፎቶ ኮፒ እናነሣለን፣ ማመልከቻ እንጽፋለን፣ የሠርግ መጥሪያ እናትማለን። እንጀራችን ግን ሟች ነው። ከተማ ውስጥ ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ በሕዝብ ፊት ይነበባል። ሁሉም ይፈልገዋል፤ የሚጽፍለት ግን የለውም። ሌሊት ሰው ይሞታል፣ ጠዋት ቤተሰቡ ዐይኑ አብጦ በራችን ላይ ይቆማል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እጠይቃለሁ፣ ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። ከላይ መስቀል፣ ዙሪያውን ጥቁር ክፈፍ። ሲጀምር “ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ” ይላል፤ ሲያልቅ “ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ” ይላል። ሰው ከሰው የሚለየው መሐሉ ላይ ነው።

በፊት መሐሉም አይለይም ነበር። የቤቱ ባለቤት ችኩል ሰው ነው፤ የትናንቱን ሟች ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ስሙን ብቻ ይለውጥና ያትማል። አንድ ቀን ወልዳ የማታውቅ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ጠላ ሸጣ የኖረች ሴት “የአምስት ልጆች እናት፣ ለባለቤታቸው ታማኝ” ተብላ ተቀበረች። ቀባሪው እንባውን እየጠረገ እርስ በርሱ ይተያያል አሉ። በማግስቱ የሟች እኅት ወረቀቱን ይዛ መጣች። አልተሳደበችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ “ልጆቹን አምጡልኝ እንጂ፤ ተዝካሩን ለብቻየ ነው የማወጣው?” አለች። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ከሀ ጀምሬ እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠኝ። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም፤ ያመጣሁት ይኼን ነው።

ሥራው አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ መጨረስ። ሬሳ አይጠብቅም። ይኼ ቃል ይሻላል ያኛው እያልሁ ብንቆራጠጥ ደወሉ ይደወላል። ደግሞ ጸሐፊው ማን ነው የሚል የለም። ቀብር ላይ ቆሜ ሰው እኔ በጻፍሁት ቃል ሲንሰቀሰቅ አይቻለሁ። አንዷ አጠገቤ ቆማ፣ “ምን ያለ ልጅ ብትወልድ ነው እንዲህ የሚጽፍላት” ብላኛለች። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አደረግሁ። ይመቻል። ስምሽ የሌለበትን ነገር ማን ፊትሽ ላይ ይወረውረዋል?

የራሴን ግን አልጨርስም ነበር። ስለ እናቴ የጀመርሁትን ጽሑፍ መጨረሻው አጠገብ ሳደርሰው ተመልሼ መጀመሪያውን አፈርሳለሁ። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ “ገና ነው” እላለሁ። ገና የሚለው ቃል እንደ ጥሩ ጃንጥላ ነው፤ ሥር ተቀምጠሽ ትከርሚያለሽ። ያላለቀን ነገር ማንም “አይረባም” አይለውም። ያን ቅዳሜ አንድ ገጽ ብቻ ከጃንጥላው ሥር ባወጣ የሆነውን አየሁት።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ኮምፒውተሩ ውስጥ “ሌላ” የሚል ስም ሰጥቼ ደበቅሁት። አዳራሹ ባለበት መንገድ ላለማለፍ በነገሥታቱ ግቢ አጥር ዞሬ ነበር ወደ ሥራ የምሄደው። መምህሩን አንድ ሁለት ጊዜ ከሩቅ አየሁትና መንገድ ቀየርሁ። ያቆሰለኝ ስድቡ አልነበረም። ወረቀቴን ደግሜ ሳየው እውነቱን ነው። ጣቶቼ የሟች ቋንቋ ለምደዋል። እናቴ በጽሑፌ ውስጥ ደግ ናት፣ ታታሪ ናት፣ እንግዳ ተቀባይ ናት። እንዲህ ያለችዋን ሴት በየሳምንቱ እንቀብራታለን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሰው ከጠዳ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ እህል ነጋዴ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ። እናቱ ሞታለች። የእናቱን አባት ስም ነገረኝ። “የእናቷስ?” አልሁት። አላወቀም። ኮላ ድባ ያለች እኅቱ ዘንድ ደወለ፤ እሷም አታውቅም፣ ስልኩ ላይ ታለቅስ ጀመር። ሌላ ሰው ዘንድ ደወለ። በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ “የምታውቀው እሷ ነበረች” አለኝ።

ምን ትወድ እንደነበር ጠየቅሁት። መዳፉን ሲያይ ቆየና፣ “ሥራ” አለ። “ሥራ ትወድ ነበር።”

ሥራ ወዳድ ብዬ ጻፍሁ። ለስንት ሴት ሥራ ወዳድ ብዬ እንደጻፍሁ እግዜር ይወቀው። ዕድሜዋን ሁሉ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትሸከም የኖረች ሴት ስትሞት ሥራ ወዳድ ትባላለች፤ ሌላ ምን ምርጫ ነበራት የሚል ቀባሪ የለም። ሰውየው አነበበው፣ “ሸጋ ነው” አለ፣ ሄደ። እኔ “ሌላ” ያልሁትን ከፈትሁ። ስለ እናቴ በጻፍሁት ሁለተኛው ገጽ ላይ ሥራ ወዳድ የሚል አገኘሁ። እኔም ስለ እሷ የማውቀው ያ የጠዳ ሰው ስለ እናቱ ከሚያውቀው አይበልጥም ነበር። ልዩነቱ የኔዋ ገና ስልክ ማንሣቷ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከዳባት ወደ ላይ፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ብርዳም አገር ነው። ስለ ራሷ ብጠይቃት “ምን ይረባሻል” ብላ ስለ ላሟ እንደምታወራኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ዋሸኋት። ለቀበሌ ነው አልኋት። ምዝገባ አለ፣ የወላጅን የሕይወት ነገር ከልጅነት ጀምሮ ይጠይቃሉ። እናቴ ለልጇ የማትነግረውን ለቀበሌ ትነግራለች። መንግሥት ከጠየቀ መደበቅ ጣጣ ያመጣል ብላ ታምናለች።

ኔትወርክ ባለ ቀን እየደወልሁ ጠየቅኋት፣ ነገረችኝ። ልጅ ሳለች፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ፊደል ስትማር ነበር። የራሷን ስም ጽፋ እስከ ማሳየት ደርሳለች። ከዚያ ለባል ተጠየቀች። ወንድሟ፣ ዛሬ ሁላችንም አያ እያልን የምንጠራው አጎቴ፣ “ሰው ቤት የምትገባ ልጅ ምን ታነባለች” ብሎ መጽሐፏን ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ከባሏ ቤት ጠፍታ ስትመጣ እየመለሰ የወሰዳትም እሱ ነው።

“ይኸንንም ጻፍሽው እንዴ?” አለችኝ።

“ይጠይቃሉ” አልኋት።

 ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ፣ “እንግዲያ ጻፊው፤ የመጽሐፉ ልባስ ሰማያዊ ነበር” አለችኝ።

ከሰማያዊው ልባስ በኋላ እጄ አልቆመም። ደግ፣ ታታሪ፣ እንግዳ ተቀባይ የሚለውን ሁሉ ሰረዝሁ። ባሏን ጠልታ ሳለ በሬዎቹን እንዴት እንደወደደች ጻፍሁ። ከእሱ ተፋትታ በኋላ የኔን አባት በገዛ አፏ እሺ እንዳለችው፣ ሲሞትም ለቅሶኛው ሳይወጣ ዘር ትመርጥ እንደነበር ጻፍሁ። ቀርቶ የነበረው መጨረሻው ነው። እኔ መጨረስ የማውቀው “ዐረፉ” ብዬ ነው። እሷ አላረፈችም። ገና አልደከማትም።

የረዳኝ አያ ነው፣ ሳያውቅ። ባለፈው ዓመት የቁም ተዝካሩን አውጥቶ ነበር። ሰው ካህናቱን ጠርቶ፣ አርዶ፣ ጠላውን ጠምቆ፣ የራሱን ተዝካር በሕይወቱ ያወጣል፤ ወራሹን የማያምን ሰው ያደርገዋል። አያ አዲስ ጋቢ ለብሶ መሐል ተቀምጦ ሥጋውን እየቆረጠ፣ “ለናንተ ብተወው በድንች ታወጡልኛላችሁ” ሲል አገር ስቋል። ያንን አስታወስሁና ለራሴ እንዲህ አልሁ፤ ተዝካር በቁም ከተቻለ ታሪክም በቁም ይቻላል። እናቴ ጆሮዋ ሳይደፈን ትስማው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የዚያኑ ቀን ጻፍሁ። “ዛሬ በሩ ላይ ቆማ ደመናውን ታያለች፤ ገብሱ ይታጨድ ወይስ ይሰንብት የሚለውን የምትቆርጠው እሷ ናት።” ነጥብ። ወንበሬ ላይ ተደግፌ አየሁት። አልቋል።

መብራት ሳይሄድ ብዬ ወዲያው አተምሁት። ባለቤቱ ከማተሚያው ላይ አንሥቶ አየና፣ “ይኼ ደግሞ ስንት ሰዓት ነው የሚቀበረው?” አለኝ። እንደ መምህሩ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነጠቅሁት። ከመሳቢያው ፕላስቲክ አውጥቼ ከተትሁት፣ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት።

የኅዳር ማርያም የእናቴ የማኅበር ተራ ነበር። “ጠላ የሚቀዳልኝ የለም፣ ነይ” ብላኛለች። ማኅበርተኛው ፊት ላነበው ቆረጥሁ። ለብቻዋ ባነብላት “ሸጋ ነው” ብላኝ ወደ ላሟ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ራሴንም አውቀዋለሁ፤ ሰው ካላየኝ መሐል ላይ አጥፌ “ገና ነው” እላለሁ። ደግሞ ልደብቅ አልፈልግም፣ የመምህሩ ነገር አብሮኝ ተሳፍሯል። እስከ ዳባት ድረስ በሚኒባሱ መስኮት የማየው መንገዱን አይደለም። እናቴ ሰምታ ስትጨርስ የምታሳየውን ፊት ነው። አንዱን ስወደው ሌላው ይመጣል።

ቄሱ ባርከው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ቀምሰው ወደ ሌላ ቤት ከሄዱ በኋላ ጠበቅሁ። ቤቱ በሴቶች ሞልቷል፤ አያ መደብ ላይ ተቀምጦ ጠላውን ይዟል። እናቴ ከጋኑ አጠገብ ናት። “አንድ ነገር ላንብብላችሁ” አልሁ። ብርሃን ፈልጌ በሩ ላይ በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁና ወረቀቴን አወጣሁ። በዚያ ቤት በማኅበር ቀን የሚነበብ ነገር የእመቤታችን ተአምር ብቻ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። አያም ጠላውን አስቀምጦ ተነሣ። የእኔን ነገር ለመስማት ያ ሁሉ ሰው ቆመልኝ። ቁጭ በሉ፣ የእማየ ታሪክ ነው አልሁ። እየተሳሳቁ ተቀመጡ። አንዷ፣ “የጠላዋንም አመል ጨምሪበት፤ ዛሬ አንገቷን ደፍታ ሰው የምትጥል ጠላ ናት” አለች። እናቴ በጨርቅ እጇን እየጠረገች፣ “ቀበሌ ሄደሽ አንብቢ” አለች። ሁሉም ሳቁ። ደስ አለኝ።

አነበብሁ። የጣት ልማድ ክፉ ነው፤ መጀመሪያውን ያፈረስሁት መስሎኝ “ከአባታቸው ከአቶ…” ብዬ ነበር የጀመርሁት፤ ከእናታቸውም፣ ከእናታቸው እናትም ስም ጋር። ሳቁ ቀዘቀዘ። ቢሆንም ይሰሙኝ ነበር። ከእናቴ እናት ወደ ከብት ጥበቃው፣ ከዚያ ወደ ፊደሉ ልደርስ ስል ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች ጎረቤታችን፣ ማንበብ የማትችል፣ እጇን ዘርግታ ወደ ወረቀቱ ጠቆመች።

“አንች ልጅ፣ ያ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር ምንድን ነው?”

ገለበጥሁት። የበሩ ብርሃን ከኋላዬ ስለሚመጣ ክፈፉ ወረቀቱን አልፎ ለእነሱ ይታያል፤ ወፍራሙ ጥቁር ክፈፍ፣ ከላይ መስቀሉ። በየቀኑ ስለማየው ዐይኔ ማየት ትቶታል። የጻፍሁት በጽሕፈት ቤቱ የሟች ገጽ ላይ ነው፤ ሌላ ገጽ ከፍቼ ጽፌ አላውቅማ። ባለቤቱ ስንት ሰዓት ይቀበራል ያለኝ ለቀልድ አልነበረም።

“የለቅሶ ወረቀት ነው” አለ አያ። “ዳባት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሚለጥፉት ነው። እናቷን በቁሟ ገንዛ መጣች።”

ጎረቤታችን አማተበች። ሌላዋ ጉልበቷ ላይ ያለውን ዳቦ ወደ ሞሰቡ መለሰች። የማሽኑ ነው፣ ሁሉም ወረቀት እንዲህ ነው የሚወጣው፣ ትርጉም የለውም አልሁ። ትርጉም የለውም ስል ራሴም አላመንሁትም። አያ እጁን ዘረጋ።

“ቅደጅው። ማርያም ሳትሰማ ቅደጅው።”

“አያ፣ አንቱ ተዝካርዎን በቁምዎ በልተው የለም ወይ?”

“የኔን ያወጣሁት እኔ ነኝ” አለኝ። “የሷን እንድታወጭ ማን ላከሽ?”

  እናቴን አየኋት፤ የምትለውን ብትል እታዘዛት ነበር። ከጋኑ ላይ ክዳኑን አንሥታ ወደ ውስጥ ታያለች። በዚያች ደቂቃ ወረቀቱን ማጠፍ ቀላል ነበር። ይቅርታ ብዬ፣ እግራቸውን ስሜ፣ ጠላ ልቀዳ እችላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ “ገና ነው” እያልሁ መኖር እችላለሁ።  ዐይኔን ወደ ወረቀቱ መለስሁና ካቆምሁበት ቀጠልሁ።

ፊደሉ ላይ ደረስሁ። ስሟን ጽፋ ለሴቶቹ ያሳየችበት ቀን ላይ ደረስሁ።  ሰማያዊ ልባስ ያለው መጽሐፍ ላይ ደረስሁ፣ ምድጃው ላይ ደረስሁ፣ ማን እንደጨመረውም አነበብሁ። አያ ዱላውን ፈለገ። ሲወጣ በበርጩማዬ አጠገብ ማለፍ ነበረበት፤ ጋቢው ወረቀቱን ነካው። “ዐይነ ደረቅ” አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ከሱ በኋላ ሴቶቹ እየተነሡ፣ እናቴን ትከሻዋን እየዳሰሱ፣ ልክ ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሰው አጎንብሰው ወጡ። “እግዜር ያጥናሽ” ልትል የጀመረች አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አላቆምሁም። በሬዎቹን አነበብሁ፣ አባቴን አነበብሁ፣ ዘር መረጣውን አነበብሁ። ስለ ደመናውና ስለ ገብሱ ሳነብ ቤት ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ዳቦው ሞሰቡ ላይ ደርቋል፣ ጠላው በየዋንጫው ቀርቷል።

“ለቀበሌ ነው አላልሽኝም?” አለችኝ።

“ዋሽቼ ነው።”

“ወንድሜን። በቤቴ። በማርያም ቀን።”

“ውሸት አለው?”

“ውሸት አለው መች አልሁ?” ከሞሰቡ ላይ ፍርፋሪውን በመዳፏ ሰበሰበች፣ ሰበሰበች፣ ከዚያ መልሳ በተነችው። “ሴቶቹ ነገ ምን ብለው ደጄ ይመጣሉ? አልቅሰውልኝ ሄዱ እኮ።”

“እማየ፣ መግነዝሽን ገዝተሽ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠሽ የለም ወይ? እሱ አያሟርትም፣ የኔ ወረቀት ነው የሚያሟርተው?”

“መግነዝ አይናገርም” አለችኝ።

 ያ ሁሉ የጻፍሁት፣ ያ ሁሉ የሰረዝሁት፣ በሚኒባስ መስኮት ያየሁት ፊት ሁሉ። ቢያንስ ወደድሽው ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ። ቀደመችኝ።

“ብትወጅኝ ኖሮ እስክሞት ትጠብቂ ነበር።”

ደጅ ላሟ ጮኸች። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። “አለቀ ወይ?” አለችኝ።

“አለቀ።”

እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ሄደች፣ አራቀችው፣ አቀረበችው። ጣቷን ከላይ ጀምራ በየመስመሩ አሳለፈች፤ ቀስ ብላ፣ ፊደሎቹን እንደ ጥሬ እየለቀመች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ስሟ ያለበት ነው። ጣቷን ሳታነሣ ቆየች።

ከዚያ ማተቧ ላይ ያሰረችውን ቁልፍ ፈታች፣ ጓዳ ገባች። ሳጥኑ ሲከፈት ሰማሁት። በመጋረጃው ክፍተት አየኋት፤ ነጩን መግነዝ እጥፋቱን ከፍታ ወረቀቱን መሐሉ ላይ አስቀመጠችና መልሳ አጠፈችው። ቆለፈች። ወጥታ ከጋኑ አጠገብ ተቀመጠች፣ የተረፈውን ጠላ ከየዋንጫው ወደ ጋኑ ትመልስ ጀመር።

“በዚያን ቀን ሌላ ሰው ያንብበው” አለችኝ፣ ሳታየኝ። “አንች አልቅሽ።”

በርጩማውን ወደ ቦታው መለስሁ። ቦርሳዬን አነሣሁ። የገብሱን ማሳ ዳር ዳሩን ይዤ አስፋልቱ ድረስ ወረድሁ። ከደባርቅ የምትመጣ ሚኒባስ ቆመችልኝ፤ ገባሁ።